በክር ስለታሰረው እስክሪብቶ እና ስለ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ አፍንጫ

ለሆስፒታላችን ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ

ግልባጭ፦ በፀጉር ቤቴ መስታወት ላይ ተለጥፎ ለሚያነበው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እግረ መንገዱንም አንዲት ሴት ከሥራ ገበታዋ እንዳትፈናቀል ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ሾፌርዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ደግሞ የአንገትዎ ጀርባ፣ ከኮሌታዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ፣ በሚገባ ድኖ ጠባሳ እንኳ እንዳልተወ ምኞቴ ነው። እንዲህ ዝርዝር ውስጥ መግባቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እኔ የሰውን ጤና የማውቀው ከኋላ በኩል ስለሆነ ነው።

ከሆስፒታሉ ዋና በር ፊት ለፊት፣ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሃል ተጣብቃ ያለችው ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። በአንድ ወንበርና በሁለት መስታወት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እርስዎም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት እየመጡ ያከብሩኛል፤ ተራ የሚጠብቁትም ሥልጣንዎን አክብረው ቀድመው እንዲቀመጡ ይፈቅዱልዎታል፤ ባይፈቅዱም ይቀመጣሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ወንበሬ ላይ ስለ ዝናብና ስለ ኳስ እንጂ ስለ ሥራዎ አንድም ቀን አንስቼብዎት አላውቅም፤ ምላጭ የያዘ ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ ማስፈራራት ይመስላል ብዬ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምላጩን አስቀምጬ እስክሪብቶ አንስቻለሁ። እስክሪብቶው የራሴ ነው፣ በክርም አልታሰረም።

እንደሚያስታውሱት፣ ካላስታወሱም ጸሐፊዎ ከፋይል ፈልገው እንደሚያቀርቡልዎት፣ ባለቤቴ ባለፈው ወር በሆስፒታልዎ የአጥንት ክፍል፣ በበሩ በኩል ሦስተኛው አልጋ ላይ አርፋለች። የገባችው ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ነበር። ቁርጭምጭሚት የተሰበረ ሰው ምን ሆኖ ይሞታል ብዬ በጽሑፍ ብጠይቅ፣ ቢሮዎ ማህተም ያረፈበት መልስ ሰጠኝ። በመልሱም ባለቤቴን የገደላት ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ወደ ደሟ ገብቶ መሆኑ፣ የባክቴሪያው ምንጭም የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ መሆኗ «በምርመራ የተረጋገጠ» መሆኑ፣ ሠራተኛዋ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እንደምትሰናበትና ጉዳዩም በዚሁ እንደተዘጋ ተገልጾልኛል። የወሩ መጨረሻ የፊታችን ዓርብ ነው። ዓርብ ሳይደርስ የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያዩልኝ እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። የሰው ሚስት ሞታበት የገዳይዋን ስም እንኳ ሳይሰማ የሚቀር ስንት ባል አለ፤ እናንተ ግን ከነሙሉ ስሙ ጻፋችሁልኝ። አጥርቼ ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ካነበብኩት በኋላ ደግሞ ለካ የማውቀው ኖሯል። በእኛ ሙያ ስሙን አናውቀውም እንጂ ሥራውን ስናይ ኖረናል፤ ከጢም ሥር መግል ቋጥሮ የሚወጣው፣ ማጅራት ላይ አብጦ እንቅልፍ የሚነሳው ብጉንጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ሥራ ነው። በሌላ ሰፈር የሚሠራ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደንበኛዬ ነው፤ ሐዘን ሊደርሰኝ መጥቶ ስሙን ብነግረው፣ በማግስቱ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ክብ ክብ ነጥብ ነው። ይህን ያህል ጉድ የሚሠራ ነገር ቢያንስ ያስጠላል ብዬ ነበር፤ አያስጠላም።

የላቦራቶሪው ልጅ እንዳስረዳኝ ከሦስት ጤነኛ ሰዎች አንዱ ያህል ይህን ፍጥረት አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይዞራል። በብብትም፣ በቆዳም ላይ ይገኛል። ሳያመን፣ ሳናውቀው፣ ከእኛ ጋር ውሎ ከእኛ ጋር ያድራል። «ጋሼ፣ ደባል በሉት፤ በር እስካልተከፈተለት ድረስ ብዙ ጊዜ ማንንም አይነካም» አለኝ። በሩ የቆዳ ቁስል ነው። በዚያ ከገባ ሥጋ ውስጥ መግል ይሠራል፣ አጥንት ይበላል፣ ደም ውስጥ ከደረሰ ደግሞ ልብ ሳንባ አይመርጥም። ከመሃሉም የተለመደውን መድኃኒት ለምዶ የሚስቅበት ዓይነት አለ። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በምን እንደሚሄድ ስጠይቀው አፉን ከመክፈቱ በፊት እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ በአብዛኛው የሚጓዘው በእጃችን ነው። በበር እጀታ፣ በአልጋ ብረት፣ በማንኛውም ብዙ ሰው በሚጨብጠው ዕቃ ላይም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። ከእጅ ላይ የሚያስወግደው ምን እንደሆነ ሲነግረኝ ግን እንባዬ መጣ። ውሃና ሳሙና ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀዶ ጥገናው። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ነገሩ እንዲገባዎት ብዬ እንጂ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች። የአጥንት ሐኪሙ ብረት አስገብቶ በብሎን አሰረላት፤ እጁ ይባረክ፣ ሥራው ያማረ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጉልበቷ በታች እግሯ ተላጭቶ እንዲጠብቅ ክፍሉ አዘዘ። ነርሷ ምላጭ ይዛ ስትመጣ እኔ ተሽቀዳድሜ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» አልኩ። ሮጬ መንገዱን ተሻግሬ ምርጥ የምለውን ምላጭ አመጣሁና፣ ለሰርጉ የተዘጋጀ ሙሽራን እንደምላጨው አድርጌ፣ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥዬ ወደ ላይ ላጨኋት። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «ዕድሜህን ሙሉ የሰው አገጭ ስታሳምር ኖረህ የእኔ ተራ ዛሬ ደረሰ?» አለችኝ። ነርሷም እንዲህ የጠራ ሥራ በክፍሉ ታይቶ እንደማያውቅ መሰከረችልኝ። ሁለት ቦታ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ደም ታየች፤ በአልኮል ጠረግኳት። ይህችን ደም አይርሷት፤ እመለስባታለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ እጅ መታጠቢያው መዝገብ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ፣ ሠራተኛም ሆነ ጠያቂ፣ እጁን ታጥቦ ስሙን፣ ሰዓቱንና ፊርማውን እንዲያኖር በራስዎ ፊርማ የወጣው ሰርኩላር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። ከሰርኩላሩ ሥር መታጠቢያው አለ፤ ከመታጠቢያው አጠገብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ፣ ከመዝገቡ ጋር በፋሻ ክር የታሰረ አንድ እስክሪብቶ። እስክሪብቶ እየጠፋ ስላስቸገረ ታሰረ። ሳሙናም እየጠፋ ስላስቸገረ ግምጃ ቤት ገብቶ ተቆለፈበት። እንዳይጠፋ ያልተጠበቀው በሽተኛው ብቻ ነው።

አሠራሩን ለአሥራ ዘጠኝ ቀን በዓይኔ ስላየሁት ልግለጽልዎት። ሰው ይገባል። ቧንቧውን ይከፍታል፣ ወይም አይከፍትም። ሳሙና በዓይኑ ይፈልጋል፣ ያጣል። ጣቱን በጋዋኑ ይጠርግና እስክሪብቶውን አንስቶ ይፈርማል። በዚያው እጁ፣ ጓንት ያለ ዕለት ጓንቱን እየጎተተ ይለብሳል፤ ጓንት የሌለ ዕለት እንዲሁ ይቀጥላል። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሻገር መመለስና መፈረም የግድ ነው፤ መታጠብ ግን እንደ ሁኔታው ነው። የእስክሪብቶው ጫፍ በሐሳበኛ ሰዎች ጥርስ ተነክሶ ነጥቷል፤ ክሩ ደግሞ ነጭ የነበረው ጠቁሯል። ከነርስ እጅ ወደ ጠያቂ፣ ከጠያቂ ወደ ተማሪ ሐኪም፣ ከተማሪ ሐኪም ወደ ምግብ አመላላሽ ይዞራል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልነካው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዲት ሴት ብቻ አልፈረመችበትም፣ ስለ እሷ እመጣበታለሁ።

ሥራ ፈትቶ አልጋ ሥር የተቀመጠ ሰው የማይቆጥረው የለምና፣ ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አልነበረም። በዚያ ዕለት በመዝገቡ ላይ እጃቸውን መታጠባቸውን በፊርማቸው ያረጋገጡ ሰዎች አርባ ሦስት ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሳልፈርም ጥበቃው አላስገባኝም። ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ አርባ ሦስት ሰው ማንጻት የቻለ ተቋም በሌላ አገር የሚገኝ አይመስለኝም፤ ለዚህም ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ያን ዕለት እርስዎ ራስዎ ከነተከታዮችዎ ክፍሉን ስለጎበኙ፣ ከአርባ ሦስቱ በገጹ ራስ ላይ የሚታየው ያ ጭራው የረዘመ ፊርማ የእርስዎ ነው። ከዚያም ወደ ባለቤቴ አልጋ ጠጋ ብለው የፋሻውን ጠርዝ በሁለት ጣትዎ ገለጥ አድርገው «በጣም ቆንጆ ነው» አሉ። ባለቤቴ ዳይሬክተሩ አየኝ ብላ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለች።

አራተኛ፤ ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ። በክፍሉ «እትዬ ሳሙና» እያሉ ይጠሯታል፤ ለማላገጥ ነው። የራሷን ሳሙና በቆርቆሮ ሳጥን አድርጋ በሽርጧ ኪስ ይዛ ትዞራለች። ውሃ በጠፋ ቀን ከጓሮው ሮቶ በጀሪካን ቀድታ ደረጃውን ትወጣለች። ወለሉን ጨርሳ አልጋ ከመንካቷ በፊት ትታጠባለች፤ ከአልጋ አልጋ ስትሻገር እንደገና ትታጠባለች። እኔንም በመጀመሪያው ቀን «አንተ ወንድሜ፣ ቁስለኛ ልትነካ ነው እኮ፤ እጅህን!» ብላ አስቁማኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ፊት የነካሁ ሰው በጽዳት ሠራተኛ መታዘዜ ከንክኖኝ ፊቴን አጨፍግጌባት ነበር። ዛሬ ያንን ፊቴን ሳስታውስ አፍራለሁ።

ይህች ሴት መዝገቡ ላይ አትፈርምም። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃት ሰምቻለሁ፤ «ታጥቤ ጨርሼ ያንን ደግሞ ልጨብጥ? ምን በወጣኝ!» ነው ያለችው። አንድ ቀን እንዲያውም ክሩን በመቀስ ቆርጣ እስክሪብቶውን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ለዚህም በንብረት ማበላሸት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ እስክሪብቶው ከቆሻሻው ወጥቶ፣ ክሩ ተቀጥሎ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። እርስዎ በጎበኙበት ሰኞ ደግሞ ጀሪካኗ መልክ ያበላሻል ተብሎ ከነጀሪካኗ ወደ ጓሮ እንድትወርድ ታዝዛ ነበር። ስለዚህ አላዩዋትም። እሷም አላየችዎትም፤ ያ ለእርስዎ ደግ ነበር፣ ለእኛ ግን አልነበረም።

አምስተኛ፤ ስለ ባለቤቴ። ይህን አሳጥሬ ልለፈው። ረቡዕ እግሬን ያቃጥለኛል አለች፤ ቁስል ሲድን እንዲህ ያደርጋል ተባለ። ሐሙስ ብርድ ብርድ አላት፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤላት ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ዓርብ ፋሻው ሲፈታ ቁስሉ መግል ቋጥሮ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መርፌ፣ ሌላ መርፌ፣ ድጋሚ ቀዶ ጥገና፣ ብረቱን ማውጣት፣ እንደገና ሌላ መርፌ ነው። ደባሉ መድኃኒቱን ከለመዱት ወገን ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ደክመዋል፣ አልዋሽም፤ የወጣቷን ነርስ ዓይን ቀልቶ አይቻለሁ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ባለቤቴ የእኔን ስም ትታ የእናቷን ስም መጥራት ጀመረች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዝም አለች። እትዬ ሳሙና እጇን ታጥባ መጥታ ዓይኗን ከደነችላት፤ እኔ አልቻልኩም።

የስፌት መኪናዋ ላይ አንድ እጅጌ የቀረው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንደተወጋ ነው። ማንም እንዲያነሳው አልፈቀድኩም። በጣም ናፍቃኛለች፤ ይህንን በመንግሥት ቋንቋ እንዴት እንደሚጽፉት ስለማላውቅ እንዲሁ ጻፍኩት።

ስድስተኛ፤ ስለ አጣሪ ኮሚቴው። አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ማቋቋምዎ የሚያስመሰግን ነው። ኮሚቴው የመታጠቢያውን ገንዳ፣ የበሩን እጀታ፣ የአልጋውን ብረት፣ መጋረጃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን አፍንጫ በጥጥ ጠርጎ አስመርምሯል። እስክሪብቶውን አላስመረመረም፤ የምርመራውን ፎርም እየሞላበት ስለነበር አልተመቸውም። ውጤቱ ሲመጣ አፍንጫዋ ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ። መዝገቡ ሲገለጥ ደግሞ በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድም ቀን እጇን የታጠበችበት ፊርማ ጠፋ። በሁለት ማስረጃ ተያዘች፤ ኮሚቴውም እፎይ አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ በእርግጥ ስትታጠብ ያየኋት ብቸኛ ሰው፣ ታጥባ እንደማታውቅ በሰነድ ተረጋገጠባት። ውሃ በሌለበት ቀን የታጠብነው አርባ ሦስታችን ግን ነጻ ወጣን።

ከሌላ የማንም አፍንጫ አልተጠረገም። ከነርስ፣ ከሐኪም፣ ከጠያቂ፣ ከኮሚቴ አባል፣ ከማንም። የላቦራቶሪው ልጅ እንደነገረኝ የዚህ ባክቴሪያ ዘር ብዙ ነው፤ ከእሷ አፍንጫ የተገኘውና ከባለቤቴ ደም የተገኘው አንድ መሆን አለመሆናቸውን ማመሳከር ይቻል ነበር። አልተመሳከረም። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችን ሴት ለማባረር ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም ተብሎ ይሆናል። እሷ ደብዳቤውን ስትቀበል ምን አለች ብዬ ብጠይቅ፣ «እኔ ገደልኳት ማለት ነው?» ብላ ጠይቃ ሄደች አሉኝ። በአሁኑ ሰዓት እስከ ዓርብ ታግዳ ቤቷ ተቀምጣ ይህንን ነው የምታሰላስለው። ሥራዋን ማጣቷ አንድ ነገር ነው፤ ይህንን አምና መኖሯ ግን ግፍ ነው፣ ክቡር ሆይ።

የሚቀጥለውን ሰባተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ያን የላቦራቶሪ ልጅ የእኔንም አፍንጫ እንዲጠርግልኝ ለመንኩት። መጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ «ጋሼ፣ አሁን ምን ይጠቅምዎታል?» አለኝ። አስጨነቅኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም። እኔም አለብኝ። ያንኑ የወይን ዘለላ ስንት ጊዜ ይዤው እንደኖርኩ አላውቅም፤ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።

ስለ መላጨቱም ጠየቅኩት። ምላጭ በዓይን የማይታይ ብዙ ጭረት በቆዳ ላይ እንደሚተው፣ ለዚህም ሲባል ከቀዶ ጥገና በፊት ፀጉሩን እንዳለ መተው፣ የግድ ካስቸገረም በማሽን ብቻ ማሳጠር እንደሚመከር ነገረኝ። በማሽን! ማሽኔ ያን ሐሙስ ከወንበሬ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ምላጩን ለማንሳት ስዘረጋ ክርኔ ሳይነካው አልቀረም። እኔ ግን ሙያዬን ላሳያት ፈለግኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ለእሷ ብዬ ቆንጆ ሥራ ልሥራ አልኩ። ምናልባት በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምናልባት ደባሉንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በቀን ሦስት ጊዜ በዚያ እስክሪብቶ ፈርሜ፣ ግንባሯን ዳስሼ፣ ትራሷን አስተካክዬ፣ ብርድ ልብሷን ከቁስሏ ላይ አንስቻለሁ። እውነቱን ማወቅ አልችልም፤ እስክሞትም አላውቀውም። ይህ ነው ቤት ይዤው የምገባው።

እንግዲህ በሆስፒታሉ ሕግ አፍንጫው ውስጥ ይህ ባክቴሪያ የተገኘበት ሰው የሚሰናበት ከሆነ፣ ሠራተኞችዎን በሦስት ይከፍሏቸውና አንዱን እጅ ዓርብ ያሰናብቱ። እኔን ለማሰናበት አይቸገሩ፤ ከባልነቴ ተሰናብቻለሁ። ሕጉ እንዲህ ካልሆነ ግን እትዬ ሳሙናን ይመልሱልን። ስትመለስ «አንቺ አልገደልሽም፣ ማን እንደሆነ አናውቅም» የሚል ወረቀት ከነማህተሙ ይሰጣት። ሳሙናውን ከግምጃ ቤት ያስፈቱት። እስክሪብቶውንም ይፍቱት፤ ይጥፋ፣ ምን ችግር አለው?

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለተዘጋልኝ ጉዳይ፣ ለተሰጠኝ ገዳይ፣ በገጹ ራስ ላይ ላኖሩት አርአያነት ያለው ፊርማ ያለኝን ምስጋና ደግሜ ደጋግሜ እየገለጽኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመዝገብዎ ሙሉ ገጽን፣ ለቧንቧዎም አንዳንድ ቀን ውሃን እመኛለሁ።

ፊትዎን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቀው፣
ማጅራትዎን ግን ከእናትዎ በላይ የሚያውቀው፣
የበሽተኛ አልጋ ቁጥር ሦስት ባል የነበረው፣
ታዛዥዎ ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፤ ወንበሬ ላይ የታየ ነገር ከወንበሬ አይወጣም ብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ይህንን ደንብ የማፈርሰው ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ነው። ባለቤቴ ቀዶ ጥገና በተደረገላት ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እርስዎን ላለማጉላላት ብዬ ከአልጋዋ ተነስቼ ሱቄን ከፍቼ ነበር። ማጅራትዎ ላይ የበሰለ ብጉንጅ አየሁ። «ቀስ በል፣ ትንሽ ብጉር ናት» አሉኝ። እኔ አልነካኋትም፤ እርስዎ ግን ስለ ኳሱ እያወሩ በጣትዎ ሲጫኗት ቆዩና ፎጣዬ ላይ ጠረጉት። ሲወጡ ፎጣውን አቃጠልኩ፣ ምላጩን ጣልኩ፣ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ሰኞ ዕለት መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈርሙ ፕላስተሩ ከኮሌታዎ በላይ ወጥቶ ይታይ ነበር፤ ቀና ሲሉም በግራ እጅዎ ደባበሱት። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ፋሻ ሄዱ። አየሁ፤ ዝም አልኩ፤ ዳይሬክተር ስለሆኑ። እትዬ ሳሙና ብትኖር ኖሮ «ጌታዬ፣ እጅዎን!» ትልዎት ነበር፤ እሷ ግን ጓሮ ነበረች። እርስዎ ነዎት አልልም፣ እኔም ልሆን እችላለሁ። የእኔ አፍንጫ ውጤት መስታወቱ ላይ፣ ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ተለጥፏል። ቅዳሜ እንደተለመደው ሲመጡ ያዩታል፤ ከጎኑ በልኩ ባዶ ቦታ ትቼልዎታለሁ።